በደብረ ማርቆስ ቤቴ የተገጠመው ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር፦ ስለ ዕቃውና ስለ ገጠማው

ባለፈው ዓመት መስከረም ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤቴ ያስገጠምሁት ሶላር አንድ ባለ 5 ኪሎ ዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጥ፣ ከመብራት ኃይል መስመር ጋርም አብሮ የሚሠራ)፣ 8 ባለ 550 ዋት ፓነሎችና 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ የሊትየም ባትሪ አለው። ለዕቃው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ለገጠማው ግን ከሁለት በላይ ለመስጠት እጄ አይታዘዝልኝም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ለመብራት ካርድ ያወጣሁት ገንዘብ ሶላር ሳይኖረኝ ከማወጣው በለጠ። ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና፣ ከማቀዝቀዣው በቀር ምንም ሳይበራ፣ የቆጣሪው ቀይ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል፤ ሲመሽ ደግሞ ባትሪው ባዶ ነው። ለካ ኢንቨርተሩ ኃይሉን ወደ መብራት ኃይል መስመር እየለቀቀው ኖሯል፤ ባለ ካርድ ቆጣሪዬም፣ እንደ ብዙ ዲጂታል ቆጣሪዎች፣ ኃይል ወደ ቤት ይግባ ወደ ውጭ ይውጣ ሳይለይ ሁሉንም እንደ ፍጆታ ይቆጥራል። በገዛ ፀሐዬ ላይ ከፋይ ሆንሁ ማለት ነው። ሥርዓቱ እንደሚገባው የሚሠራው፣ ነገሩ ቢያስቅም፣ መብራት በጠፋ ዕለት ብቻ ነበር።

ገጣሚዎቹ ዘንድ ስደውል ወደ መስመር የሚላከውን መጠን 0 እንዳደርገው ነገሩኝ። ቀድሞውንም 0 ነበር። ችግሩን ያገኘው የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቀለበት እኮ የታሰረው ወደ ወጥ ቤት በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው» አለኝ። ባለሙያዎች ሲቲ የሚሉት ይህ ቀለበት ለኢንቨርተሩ ዓይኑ ነው፤ ከቆጣሪው በሚመጣው ዋና የፌዝ ሽቦ ላይ፣ ከማንኛውም ቅርንጫፍ በፊት ካልታሰረ፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ኃይል ጨርሶ አያየውም። የእኔው የሚያየው የማቀዝቀዣውን ፍጆታ ብቻ ስለነበር፣ ኢንቨርተሩ «ቤቱ ገና ከመስመር እየወሰደ ነው» ብሎ ያለውን ሁሉ፣ የባትሪውን ጭምር፣ ይገፋል።

ቀለበቱ ቢዛወርም ነገሩ አላለቀም፤ በላዩ ያለው ቀስት ተገልብጦ ስለታሰረ አሁን ደግሞ ፓነሎቹ ለቤቱ መሥራት አቆሙ። ይህን ለመለየት ምጣድን የሚያህል መሣሪያ የለም። ቅዳሜ ሳይነጋ፣ የባትሪው ብሬከር ወርዶ ሳለ፣ እንጀራ ሊጋገር ምጣዱ ሲሰካ የኢንቨርተሩ ስክሪን ከመስመር ወደ 3,500 ዋት እየገባ እንደሆነ ማሳየት ነበረበት፤ እርሱ ግን ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጎ «እየላክሁ ነው» አለ። ቀለበቱ ሲገለበጥ ምልክቱ ጠፋ፤ ፀሐይ ስትወጣም ፓነሎቹ ምጣዱን ይረዱ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የቀረው ትንሽ ነገር ነው። ምጣዱ በድንገት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ኃይሉን እስኪቀንስ ድረስ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ውጭ ማምለጡ አይቀርም። ስለዚህ ምንጊዜም 20 ዋት ከመስመር እንዲወስድ አስተካከልሁት፤ ይህም ቢበዛ በቀን ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ምጣድ የሌለው ቤት ግን በዚህ ሁሉ መድከም አያስፈልገውም፤ ዕቃውን በሙሉ መብራት ሲጠፋም ኃይል በሚሰጠው በኢንቨርተሩ የባክአፕ መውጫ ላይ አስሮ፣ ወደ መስመር መላክን የሚፈቅደውን ምርጫ መዝጋት ይበቃዋል። እኔ ምጣዱን ከዚያ ውጭ ያደረግሁት መብራት በጠፋበት ሰዓት ከተሰካ ያንን ባትሪ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሚጨርሰው ነው።

ማራገቢያው ስለሚጮህ ኢንቨርተሩን በመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ማሰር አይመከርም። ገጣሚዎቹ ደግሞ ለኤሌክትሪሺያኑ የከፈልሁትን «እንተካለን» ካሉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል።