«አጥንት» የሚለው ወረቀትና የእጀታው ጠርዝ፦ የአንድ አሮጌ ዕቃ መደብር የሰንጢ ሣጥን ሲገመገም

በሰሜን ቨርጂኒያ ከምኖርበት ሰፈር በመኪና አርባ ደቂቃ ያህል የሚያስኬድ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር አለ። የምነቅፍበት ጉዳይ የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ስሙን አልጽፍም። በመግቢያው በስተግራ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሰንጢዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ዋጋውንና እጀታው ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ተቀምጧል። በስለት በኩል መደብሩ የሚመሰገን ነው፤ ብዙ ተስሎ ያለቀ ስለት እንደ አዲስ አድርጎ አያቀርብም፣ የላላ ማጠፊያ አይደብቅም፣ አዛውንቱ ባለሱቅም ሣጥኑን ከፍተው ደንበኛው የፈለገውን ያህል አገላብጦ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። ስለ እጀታ የተጻፈውን ግን ማመን አይቻልም፤ ለሰብሳቢ ደግሞ ዋጋውን ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እጀታው ነው።

ባለፈው መኸር «አጥንት» የሚል ወረቀት የነበረበትን የኬስ ሰንጢ በ85 ዶላር ገዛሁ። ኬስ በብራድፎርድ፣ ፔንሲልቬኒያ የሚገኝ፣ ታሪኩን ከ1889 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሚጀምር ድርጅት ሲሆን፣ ሰብሳቢዎች ከሚወዱለት ነገር አንዱ በስለቱ ሥር የሚያትመው ቁጥር ስለ ሰንጢው ብዙ የሚናገር መሆኑ ነው። የእኔው 61048 ይላል፦ 6 የተቦረቦረ አጥንት፣ 1 ባለ አንድ ስለት፣ የቀረው የቅርጹ መለያ። ሰባት ነጥቦችም ታትመውበታል፤ ኬስ በ1970 በአሥር ነጥብ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ እየቀነሰ ስለሄደ ሰንጢው የ1973 ሥራ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። የዘነጋሁት፣ ኬስ ከ1960ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በአንዳንድ ሰንጢዎቹ ላይ በአጥንት ፈንታ ዴልሪን የተባለውን የዱፖንት ፕላስቲክ ሲያለብስም ያንኑ 6 ቁጥር መጠቀሙን ነው።

ቤት ገብቼ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ስመለከተው ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ስህተቴ መደብሩ ውስጥ የእጀታውን ፊት ብቻ ማየቴ ነበር። ፊቱ ተቦርቡሮ፣ ቀለም ጠጥቶ፣ ተወልውሎ የሚቀርብ ስለሆነ አስመሳዩም የሚደክምበት እዚያው ነው፤ መታየት ያለበት እጀታው ከሥሩ ካለው የናስ ዝርግ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ጠርዝና የኋላ ጫፉ ነው። አጥንት በሕይወት ሳለ ደም የሚመላለስባቸው ረቂቅ ቦዮች ነበሩት። ለእጀታ የሚውለው ብዙውን ጊዜ በቁመቱ የተሰነጠቀ የከብት ቅልጥም በመሆኑ፣ ቦዮቹ በጎንና በጎኑ እንደ አጫጭር የእርሳስ ጭረት፣ በጫፉ ላይ ደግሞ በመርፌ እንደተወጉ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ፤ ማቅለሚያው ሰርጎ ስለሚገባባቸውም ከዙሪያቸው ይጠቁራሉ። የእኔ ሰንጢ ጠርዝ ግን እንደ ረጋ ሰም ወጥ ነበር፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ምልክቶች ተከታትለው መጡ። አጥንት ማቅለሚያን እስከ ውስጡ ስለማይጠጣ፣ ለዓመታት በኪስ የዋለ እጀታ ጉብታዎቹ ነጣ ብለው ጎድጓዶቹ ጠቆር ይላሉ፤ ዴልሪን ግን ከእነ ቀለሙ የተቀለጠ ስለሆነ ቢፋቅም ቢላጭም ያው ነው። የአጥንቱ ቡርቡር በመቁረጫ ማሽን አንድ በአንድ የተቆረጠ በመሆኑ ሁለት እጀታዎች በትክክል አይመሳሰሉም፤ በቅርጽ ማውጫ የተጣለው ፕላስቲክ ግን ከወንድሙ ጎን ሲቀመጥ ጎድጓዳው ሁሉ በዚያው ቦታ ይገኛል። በአጥንት ላይ በምስማሮቹ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ማየትም የተለመደ ነው። ዴልሪን ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ አይኮማተርም፤ በየቀኑ ሥራ የምሠራበት ሰንጢ ቢሆን እርሱን እመርጥ ነበር። ቅሬታዬ በዴልሪን የአጥንት ዋጋ መጠየቁ ላይ ነው።

ሰንጢውን ይዤ ስመለስ አዛውንቱ በትሕትና አዳመጡኝ፤ «እኛ ሁልጊዜ በጋለ መርፌ ነው የምንለየው» አሉና ሊያሳዩኝ ክብሪት አወጡ፤ ለማሳያ ያነሱት ግን የማር ቀለም ያለውን ያረጀ የሴሉሎይድ ሰንጢ ነበር። እጃቸውን ያዝኳቸው። ሴሉሎይድ ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር የሚሠራ፣ እሳት ሲነካው ቦግ ብሎ የሚነድ የድሮ ፕላስቲክ ነው። ባይነድ እንኳ የጋለ መርፌ በማንኛውም እጀታ ላይ ጠባሳ ስለሚተው፣ የሚፈተነውን ዕቃ አበላሽቶ ስሙን ብቻ የሚነግር ፈተና ነው። ሴሉሎይድን ለመለየት በአውራ ጣት እስኪሞቅ አሽቶ ማሽተት ይበቃል፤ ለጉንፋን ደረት ላይ የምንቀባው ቪክስ ውስጥ ያለችው የካምፎር ሽታ ትመጣለች።

በነገራችን ላይ የመደብሩ ትልቁ ጥፋት ወረቀቶቹ ላይ ያለው ሳይሆን ይህ ሰንጢ ከሌሎቹ ጋር ታሽጎ መቀመጡ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ብረት የሚበላ የአሲድ እንፋሎት ይተፋል። ከግራና ከቀኙ የነበሩት ሁለት ሰንጢዎች ናሳቸው አረንጓዴ አውጥቶ፣ ስለታቸው በማጠፊያው አካባቢ ቀይ ዝገት ይዞ አገኘሁት፤ በሣጥኑ ሌላ ጫፍ ያሉት ግን ንጹሕ ነበሩ። ለብቻው አየር በሚያገኝበት ቦታ እንዲያኖሩት ነገርኳቸው፤ በዚያው ሰዓት አነሱት።

ሌሎቹን ወረቀቶች አብረን አየናቸው። «ፐርል» ተብላ በ60 ዶላር የቀረበችው ትንሽ ሰንጢ እንዲያውም ማጉያ አላስፈለጋትም፤ የኬስ ቁጥሯ የሚጀምረው በ9 ነበር፣ 9 ደግሞ በኬስ አቆጣጠር አስመሳይ ፐርል ነው፤ እውነተኛው የዛጎል ውስጥ 8 ነው። ለማረጋገጥ ያህል ጥርሴን አስነካኋት፤ እውነተኛው ይቀዘቅዛል፣ ሻከር ይላል፣ ብርሃን ላይ ሲዞርም ቀለሙ ከቦታ ቦታ ይሸሻል። ይቺ ግን ለብ ያለችና ለስላሳ ነበረች።

«የአጋዘን ቀንድ» ከተባሉት አራቱ አንዱ ብቻ እውነተኛ ነበር። እዚህ ላይ አዛውንቱን አልወቅሳቸውም፤ ድሮ የአሜሪካ ሰንጢ ሠሪዎች ራሳቸው የተቦረቦረ አጥንትን የአጋዘን ቀንድ በሚመስል ስም ይሸጡት ስለነበር ግርታው ከእርሳቸው በፊት የነበረ ነው። እውነተኛው ብዙውን ጊዜ ከህንዱ ሳምባር አጋዘን የተገኘ ነው፤ ህንድ ወደ ውጭ መላኩን ስለከለከለች ዋጋው ወጥቷል። ውጩ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተፈጥሮ ያበጀው ስርጉድና ጉብታ አለው፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ የሚመስል ውስጡ ብቅ ይላል፣ የግራና የቀኙም ገጽ ፈጽሞ አይገጥምም።

ስለ ቀንድ ግን ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈለግሁም። በአያቴ ቤት የቀንድ ዋንጫ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በመስኮት ብርሃን ላይ ከፍ ሲደረግ ቀጭኑ ከንፈሩ እንደ ሻይ ሲቀላ፣ ውስጡ ድርብርብ ሆኖ ሲታይ አውቀዋለሁ። በሣጥኑ ጥግ «ጥቁር ፕላስቲክ፣ 20 ዶላር» የሚል ወረቀት ሥር የነበረውን ባለ ሁለት ስለት ሰንጢ ወደ መብራቱ ሳዞረው ጠርዙ እንደዚያ ዋንጫ ቀላ። አንዱ ጫፉ ከናሱ ትንሽ ተነቅሎ ተጣሟል፤ ብል የቆረጠማት ትንሽ ጉድጓድም ነበረችበት። ቀንድ ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ ባሕርይ ስላለው ይጣመማል፣ ብልም ይበላዋል፤ ፕላስቲክን የሚበላ ብል ግን አላውቅም።

«የዝሆን ጥርስ» የሚለውን አንዱን ወረቀት እንዲያነሱት መከርኳቸው። በጫፉ ላይ የሚታዩት መስመሮች እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቅስቶች ሳይሆኑ እንደ ደብተር መስመር ቀጥ ብለው የተደረደሩ ነበሩና ሴሉሎይድ መሆኑ አልቀረም፤ እውነተኛ ቢሆን ደግሞ ይባስ ነበር፣ አሜሪካ ከ2016 ወዲህ የዝሆን ጥርስ ንግድን እጅግ አጥብባዋለችና።

የኬሱን ልዩነት 40 ዶላር መለሱልኝ። ጥቁሩን ሰንጢ ቀንድ መሆኑን ነግሬያቸው ስገዛው አንዴ እርሱን፣ አንዴ እኔን አዩና «ወረቀቱ 20 ይላል፣ 20 ነው» አሉኝ። ስወጣ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በእኔው ማጉያ መነጽር የቀሩትን ጠርዞች አንድ በአንድ ይመለከቱ ነበር፤ መነጽሩን እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ ትቼላቸው መጣሁ።