አፒያ አንቲካን በብስክሌት፣ አበበ በመጣበት አቅጣጫ

ሮም ለሚሄድ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ግማሽ ቀን አትርፉና ብስክሌት ተከራይታችሁ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ወዳለው የአፒያ አንቲካ ፓርክ ውጡ። ሰልፍ የለም፣ ግፊያ የለም። መቃብሩም፣ የውሃ መተላለፊያ ቅስቱም፣ የነገሥታቱ ቪላም በሜዳውና በጉብታው ላይ ተበትኖ ቁጭ ብሏል፤ በመካከሉ በግ ይግጣል፣ ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል።

መንገዱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ያስጀመረው አፒየስ ክላውዲየስ የተባለ ሮማዊ ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ እስከ ካፑዋ፣ ኋላም እስከ ብሪንዲዚ ወደብ ደረሰ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ወደ ድል የሮጠው በዚሁ መንገድ ነው። መሽቶ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳር ዳሩን ያበሩ ነበር። ከአጠገቡ የነበረው ሞሮኳዊው ራዲ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ በአፒያ ወጥተው በካፋሬላ ሸለቆ ይመለሳሉ። እናንተ ገልብጡት፤ በካፋሬላ ወጥታችሁ በአፒያ ተመለሱ። አንደኛ፣ አበበ የሮጠው ወደ ከተማው ነው። ሁለተኛ፣ አፒያ የተዘረጋው ከአልባኖ ተራሮች ወደ ሮም ፈስሶ በቀዘቀዘ ጥንታዊ ላቫ ጀርባ ላይ ስለሆነ ወደ ከተማ ሲመለሱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዳገቱን ጉልበት ሳለ ትገላገሉታላችሁ።

ብስክሌቱን የተከራየሁት ፓርኩ መግቢያ አካባቢ ካለ አንድ ቤት ነው። ጎማው ወፍራም፣ የፊቱ ሹካ ሞላ ያለው፣ ማርሹም ሳይንገራገር የሚቀያየር ነበር። ሰውዬው መቀመጫውን በቁመቴ ልክ ሳላስታውሰው አስተካከለልኝ። ቅር ያለኝ ሁለት ነገር ነው፦ የፊት ፍሬኑ ልል ስለነበር ካልጠበቀ አልነሳም ብዬ አስጠበቅሁት፤ መለዋወጫ ካለማዳሪያና ፖምፓ ደግሞ ጠይቄም አልተሰጠኝም። እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ ጎማ ቢተነፍስ ብስክሌት እየገፉ መመለስ ነው፤ ይሄ መታሰብ ነበረበት። ጉልበቴን አላምንም የሚል የኤሌክትሪኩን ይውሰድ።

ካፋሬላ አፈር መንገድ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጎማ ይይዛል። አልሞኔ የምትባለውን ትንሽ ወንዝ ይዛችሁ ስትሄዱ የኤጌሪያን ምንጭ ታገኛላችሁ፤ በ2ኛው መቶ ዘመን በግንብ የተሠራ ዋሻ ነው፣ ውሃው ዛሬም ይንጠባጠባል። ከዚያ ወደ ውሃ ቅስቶቹ ሜዳ ይወጣል። ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ አስጀምሮ ተከታዩ ንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ እ.ኤ.አ. በ52 ያስጨረሰው አኳ ክላውዲያ የተባለው የውሃ መተላለፊያ እዚያ ቅስት በቅስት ተደርድሯል። ከሥሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ አንገት ያማል። ወደ አፒያ ለመሻገር ግን መኪና የሚበዛበትን አፒያ ኑዎቫን ማቋረጥ ግድ ነው፤ እዚያ ላይ ውረዱና ግፉ።

የኩዊንቲሊ ወንድማማቾች ቪላ ሰፊ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኮሞዱስ ሁለቱንም አስገድሎ ቤቱን ወረሰው። አጥሩ ጋ ቆሜ አይቼ አለፍኩ፤ እኔን የሳበኝ መንገዱ ነው።

ከዚህ በኋላ ድንጋዩ ይጀምራል። ከአዲስ አበባው ኮብልስቶን ጋር አታምታቱት። አንዳንዱ ምጣድ የሚያክል ጥቁር ባዛልት ነው፤ ጀርባው ተልጦ ጎብጧል፣ በመካከሉ ያለው ክፍተት የፊት ጎማ ይነክሳል። ባንዳንዱ ላይ የጋሪ እግር የቦረቦረው መስመር ይታያል፤ ጣቴን ከተትኩበት፣ ልስልስ ያለ ነው። ብዙው ብስክሌተኛ ዳር ላይ ባለችው ቀጭን የአፈር መንገድ ይሸሻል፤ ልክ ነው፣ ድንጋዩ ላይ እጅ ይደነዝዛል። እኔ ግን ወርጄ ጫማዬን አወለቅሁና ጥቂት ሄድኩበት። ጠርዙ ውስጥ እግርን ይቆነጥጣል፣ ጀርባው ያንሸራትታል። ስለ አበበ ድል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ እግሬ የነገረኝን ያህል ግን ማንም አልነገረኝም።

ወደ ከተማው ስትቀርቡ የቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር አለ፤ ክብ ግንብ ነው፣ በመካከለኛው ዘመን የካኤታኒ ቤተሰብ ምሽግ አድርጎት ጫፉ ላይ ጥርስ ጥርስ ሠርቶበታል። ከእሱ ዝቅ ብሎ የማክሴንቲየስ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ነው፤ ሣር ለብሷል። ሰው ስለማይበዛበት ውሃ ለመጠጣትና ለማረፍ የምመርጠው እሱን ነው።

ከሳን ሴባስቲያኖ ካታኮምብ (የምድር ውስጥ መቃብር) በኋላ ቁልቁለቱ ደስ ይላል፤ ከኩዎ ቫዲስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ከተማው ቅጥር በር ድረስ ያለው ግን ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ግንብ፣ የእግረኛ መንገድ የለም፣ በሥራ ቀን መኪናው አጠገባችሁ ያፏጫል። ልጅ ይዞ የሚሄድ እሑድን ይምረጥ።

በሩን አልፋችሁ ቀጥሉ፣ እዚያ እንዳታቆሙ። ፖርታ ካፔና አደባባይ ድረስ ሂዱ፤ የአክሱም ሐውልት ተዘርፎ እ.ኤ.አ. በ1937 የተተከለው እዚያ ነበር። አበበ ራዲን ጥሎ የወጣው በሐውልቱ አካባቢ ነው፤ ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ብቻውን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሟል። አደባባዩ ላይ ብስክሌቴን ደግፌ ባዶውን ቦታ ሳይ የተሰማኝ ኩራት ነው፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ኪራይ ቤቶቹ ሲመሽ ይዘጋሉ። እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት መድረስ የፈለገ ብስክሌቱን እስከ ማግስቱ ይከራይ፤ የፊትና የኋላ መብራቱንም ሳይነሳ አብርቶ ይፈትሽ።