መሰላል ወይስ ገመድ?

ሱሉልታ ወይም ቡራዩ አካባቢ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያ ላይ ሲያዘነብል፣ ቶሎ የሚጠራው መሰላል ያለው ሰው ነው። ርካሽ ነው፤ ለአጭር ዛፍ ይበቃል። ለረጅም ባሕር ዛፍ ግን አልመርጠውም። መሰላሉ የተደገፈበት ቅርንጫፍ ጫፉ ሲቆረጥ ይቀለውና ወደ ላይ ይነሳል። ያኔ መሰላሉ ድጋፍ ያጣል። የተቆረጠውም ተወዛውዞ ሊመታው ይችላል።

ገመድና መታጠቂያ ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል። ሠራተኛው ግን ከበላዩ ካለ ጠንካራ ግንድ ጋር ይታሰራል። መጋዝ ሲያነሳ ሁለተኛ ማሰሪያ ይጨምራል፤ አንዱን ሳያስበው ቢቆርጠው ሌላው ይይዘዋል። በከብት ገመድ ግን አይሞከርም!

ሄልሜትና መነጽር ለሁለቱም ግድ ነው። ሄልሜቱ ከታች ገመድ ለሚይዘው ልጅም ያስፈልጋል። የመብራት ሽቦ ቅርብ ከሆነ ሁለቱንም ተዉት፤ መጀመሪያ መብራት ኃይል ይጠራ።