ርካሹ ሲኤች340 ገመድ በሊኑክስ ላይ

ሲኤች340 ቺፕ ያለው፣ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል (እንደ ራውተር ያሉ መሣሪያዎች ማዘዣ መስመር) የሚቀይረው ይህ ገመድ ሊኑክስ ላይ የተለየ ድራይቨር መጫን አይፈልግም፤ ሲኤች341 የተባለው የድራይቨር ሞጁል ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር ይመጣል። ሲሰካ በ1ኤ86:7523 መለያ ይታወቅና ቲቲዋይ-ዩኤስቢ0 የተባለ የወደብ ፋይል ይፈጠራል። ሲስተሙ ፈቃድ ከከለከለ ተጠቃሚውን ሲሪያል ወደቦችን መጠቀም የሚፈቅደው ዳያልአውት ግሩፕ ውስጥ ጨምሮ፣ ወጥቶ መግባት ነው።

ኡቡንቱ 22.04 ላይ ወደቡ ብቅ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ገመዱን አትውቀሱ። ብሬልቲቲዋይ የተባለው የብሬል ማሳያ ፕሮግራም የራሱ መሣሪያ መስሎት ነጥቆት ነው። ብሬል የማይጠቀም ሰው ፕሮግራሙን ማራገፍ ይበቃዋል።

እውነተኛው የገመዱ ድክመት ብሬክ ሲግናል ነው፤ ብሬክ ማለት መስመሩን ከአንድ ፊደል ጊዜ በላይ ይዞ የሚቆይ ምልክት ነው። የሲስኮ ራውተር ፓስወርድ የጠፋበት ሰው ወደ ሮምሞን (የራውተሩ የጥገና ሁነታ) ለመግባት ራውተሩ ሲነሳ ብሬክ መላክ አለበት፤ አንዳንድ የሲኤች340 ቺፖች ደግሞ ይህን ጨርሶ አይችሉም። ከርነሉ በ2020 መላ አበጀለት፦ ገመዱ ሲሰካ የብሬክ ሬጅስተሩን (በቺፑ ውስጥ ብሬክን የሚቆጣጠረውን ቦታ) ለማንበብ ይሞክራል፤ ቺፑ እምቢ ካለ፣ ብሬክ በተጠየቀ ቁጥር ፍጥነቱን ወደ ታችኛው ጥግ አውርዶ ዜሮ ባይት ይልካል። ዜሮዎቹ መስመሩን ረጅም ጊዜ ስለሚይዙት በ9600 ፍጥነት (በሰከንድ 9600 ቢት) የሚያዳምጠው ራውተር ብሬክ ይመስለዋል። ማጭበርበር ነው፣ ግን ይሠራል።

ከርነሉ ያረጀ ከሆነ ያው ብልሃት በእጅ ይሠራል፦ የተርሚናል ፕሮግራሙን ፍጥነት 1200 ላይ አድርጎ፣ ራውተሩን አጥፍቶ አብርቶ፣ ስፔስን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ደጋግሞ መምታት፤ ከዚያ ወደ 9600 መመለስ።

ለተራ የኮንሶል ሥራ (መሣሪያን በሲሪያል ለማዘዝ) ገመዱ ዋጋውን ያወጣል። ብሬክ ዘወትር ለሚፈልግ ግን ጨመር አድርጎ ኤፍቲዲአይ የተባለው አምራች ቺፕ ያለበትን ገመድ መግዛት ይሻላል።