በጣና ዳር የተሰጠው የጥቅም ግጭት ሥልጠና እንዴት ነበር?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባለ አንድ አዳራሽ፣ ለምክር ቤት አባላት ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ጥቅም ግጭት (የግል ጥቅም ከሕዝብ ኃላፊነት ጋር ሲጋጭ ማለት ነው) የተሰጠውን የአንድ ቀን ሥልጠና ተካፍያለሁ። ስለ ሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የተነሳበት የጠዋቱ ክፍል ደረቅ ንባብ ነበር፤ ተመራጮችም እንደ ተሿሚዎች ሀብታቸውን የማስመዝገብ ግዴታ እንዳለባቸው ከመስማት ያለፈ ማብራሪያ አላገኘንም።

ከሻይ በኋላ ግን ነገሩ ነፍስ ዘራ። አሠልጣኟ አንድ ምናባዊ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ የሚስቱ ወንድም በሐይቁ ዳር ለሎጅ የሚሆን መሬት በሊዝ የጠየቀ ተመራጭ፣ ምክር ቤቱ ስለ ዳርቻው አጠቃቀም ደንብ ሲያወጣ ድምፅ ይስጥ ወይስ ዝምድናውን አስታውቆ ከውይይቱ ይውጣ? አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ዘመድ የሌለው ሰው ከየት ይመጣል?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፤ አሠልጣኟ ግን ጥፋቱ መዛመዱ ሳይሆን መደበቁ እንደሆነ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትን የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሚላቸው በትዕግሥት አስረዱ።

ቅር ያሰኘኝ ተመራጮች ለሚቀበሉት ስጦታ ጉዳይ የተመደበው አሥር ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ፣ ስንወጣ አዘጋጁ ድርጅት ለእያንዳንዳችን የቆዳ ቦርሳ አደለን! የምሳው ቆሮሶ ዓሣ በሚገባ የተጠበሰ ነበር፤ ቦርሳውን ግን በማግስቱ ከማስታወሻ ጋር ለጽሕፈት ቤታችን አስረክቤዋለሁ።