ጥፋቱ የሪኤጀንቱ አልነበረም

ክሊኒክ ያላችሁ፣ ላቦራቶሪ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። ደብረ ብርሃን ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ክሊኒክ አለን። አራት ወር ሙሉ የስኳር ምርመራው አሳበደን። የአንድ ሰው ደም ሁለት ጊዜ ሲሠራ ሁለት ውጤት ይወጣል። ከታካሚዎቻችን አንዷ የገዛ እናቴ ናት። መድኃኒቷ ይጨመር ይቀነስ ማለት አቅቶኝ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

አንዱ ዕቃ አቅራቢ «ሪኤጀንቱ ተበላሽቶ ነው» ብሎ (ሪኤጀንት ከደሙ ጋር የምንቀላቅለው የመመርመሪያ ፈሳሽ ነው) አዲስ ሸጠልን። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ እንደ ዓይናችን ብሌን ጠበቅነው። ያው ነው። ሌላ ሸጠልን። ደህናውን ሪኤጀንት ደፋነው! ሌላው ደግሞ ፒፔቱን፣ ፈሳሹን እየለካን የምንቀዳበትን መሣሪያ፣ ሦስት ሳምንት አቆይቶ፣ ከላይ ወልውሎ መለሰልን። ብሩን ግን ሙሉውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም።

በመጨረሻ አንድ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ባለሙያ ተጠቆመልኝ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አቋርጦ በጠዋት ደረሰ። ሪኤጀንቱን ዞር ብሎም አላየው። ከቦርሳው ትንሽ ሚዛን አወጣ። «እህቴ፣ 1000 ማይክሮ ሊትር ውሃ 1 ግራም ገደማ መመዘን አለበት» አለኝ። በፒፔታችን ውሃ እየቀዳ መዘነ። 0.93፣ 0.97፣ 0.90። ፒፔቱ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ፣ ሁሌም አጉድሎ እንደሚቀዳ ያኔ ለእኔም ገባኝ።

ፒፔቱን ፈታው። ውስጡ ያለች የጎማ ቀለበት አልቃለች። ቀየራት። ሌላም ያስተካከለው ነገር አለ፣ እሱን አልተረዳሁትም። መልሶ ሲመዝን ግን 0.99፣ 0.99፣ አሁንም 0.99።

ከሁሉ ልቤን የነካው ሌላ ነው። የላቦራቶሪ ልጃችን ጥግ ይዛ ቆማለች። ስንት ጊዜ በከንቱ ተቆጥቻታለሁ። ጠራትና «የአንቺ ጥፋት አይደለም» አላት። አጠገቡ አስቀምጦ አስተማራት። «ቀጥ አድርገሽ ያዢው። አውራ ጣትሽን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ፈሳሽ እያለበት አታጋድሚው።» የምሳ ሰዓት አለፈ፣ እሱ ግን አልተነሳም። ልጅቷ እንባዋ መጣ። እኔም ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅኳት።

ያስከፈለን የጎማዋንና የድካሙን ብቻ ነው። አሁን የእናቴ ደም ሁለት ጊዜ ቢሠራ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። ሪኤጀንት ከመድፋታችሁ በፊት እሱን ጥሩ። እውነቴን ነው፣ ጥሩት! ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካየኸው እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ «ያ ልጅ ምሳ ሳይበላ ሄደ» እያለች እስከ ዛሬ ትቆጫለች። ስትመጣ ቤታችን ነው የምታርፈው።