የ3 ቀን ዋስትና ያለውን «ሙሉ ፓኬጅ» አኳሪየም አትግዙ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። የመስታወት ገንዳ፣ ፊልተር፣ ሂተር፣ መብራት፣ ጠጠር፣ ከነዓሣው፤ ዴሊቨሪ ነፃ፣ በዕለቱ ቤት ድረስ መጥተው ይገጥማሉ። ከታች በቀይ «ዓሣው በ3 ቀን ውስጥ ከሞተ እንቀይራለን» ይላል። አዲስ አበባ ያለች ጎረቤቴ ለልጇ ልደት ይህንኑ ገዛች። እኔ ቤት ዓሣ እንዳለ ስለምታውቅ ነገሩ ሲበላሽ ጠራችኝ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ እንዲህ የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለም።

ከዋስትናው እንነሳ። ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። በብዛት የሚሰፍሩት ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን ገና የሉም፤ ተራብተው እስኪበቁ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ መርዙ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። በ3ኛው ቀን ዓሣው ገና ደህና ነው። መከራው የሚመጣው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

አሞኒያ ደግሞ በዓይን አይታይም። ጎረቤቴ ቤት ውሃው ኩልል ብሏል። ዓሦቹ ግን ላይ ላይ ተንጠልጥለው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ፤ የአንደኛው ጭራ ጠርዙ ቀልቷል። ሻጩ ሲደወልለት «ምግብ እየጠየቁ ነው፣ ጨምሩላቸው» አለ። ምግብ ሲጨመር አሞኒያውም ይጨምራል! ሲሞቱ ደግሞ «ቫይረስ ነው» ብሎ ሰማያዊ መድኃኒት ሸጠላት። ውሃውን በሙሉ ድፊው፣ ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ እጠቢው አላት። በቧንቧው ክሎሪን ያቺ የጀመረችው ጥቂት ባክቴሪያም አለቀች። ከዚያ አዲስ ዓሣ፣ አዲስ ሂሳብ።

ሜትር አውጥቼ ገንዳውን ለካሁት። ማስታወቂያው 60 ሊትር ይላል። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 25፣ ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ነው። ሦስቱን አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ 25 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። እዚህች ውስጥ አራት ጎልድፊሽና አንድ «መስታወት አጽጂ» ከተዋል። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከስንዝር በላይ ያድጋል፤ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል። አጽጂው ፕሌኮ የሚባል ዓሣ ነው። ሲገዛ ጣት ያህላል፣ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ግን ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ገንዳው ውስጥ መዞሪያ እንኳ አይኖረውም።

ሂተሩም ያስቃል። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ የአዲስ አበባ ቤት ሙቀት ይበቃዋል። ሂተር የሚያስፈልገው ቤታና ጉፒ ለሚባሉት ዓይነት የሞቃት ውሃ ዓሦች ነው፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ፊልተሩም ፓምፑም ይቆማል። ሻጩ ግን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ፓኬጁ ውስጥ አላስገባም። ከመብራቱና ከሂተሩ ይልቅ እሱ ይሻል ነበር።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን አትግዙ። ገንዳው ውሃ ሞልቶ፣ ፊልተሩ እየሠራ፣ ባክቴሪያዎቹ ተራብተው እስኪበቁ በየቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ እየተጣለበት ያለ ዓሣ ይቆይ። የቆየ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ያገለገለ ስፖንጅ ለምኑት፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥራል። አቅም ካላችሁ ትልቁን ገንዳ ያዙ፣ ብዙ ውሃ ቶሎ አይመረዝም። ግን የምታስቀምጡበትን ጠረጴዛ እዩ፤ 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ ነው። ሻጩን ደግሞ «ዓሣውን ከወር በኋላ ልውሰድ?» በሉት። ዋጋው ዛሬ ብቻ ነው ካለ ተዉት። ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነም እንዲሁ።

ገዝታችሁ ለተቀመጣችሁ፦ በየቀኑ ከውሃው ሩቡን ብቻ ቀይሩ። የምትጨምሩት የቧንቧ ውሃ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ያደረ ይሁን፣ ክሎሪኑ ይወጣለታል። ምግብ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል፣ በቀን አንዴ። ስፖንጁን ማጠብ ካስፈለገ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠቡት እንጂ ቧንቧ ሥር አትያዙት። የቀሩት ዓሦች በሕይወት እስካሉም፣ ያው ሻጭ «ምትክ» ብሎ ቢያመጣላችሁ ለጊዜው ሌላ ዓሣ አትጨምሩ።